ፔዳል ስላለው ብቻ ብስክሌት አይሆንም፤ የኤሌክትሪክ ብስክሌት፣ መንጃ ፈቃድ እና የሀረጎ ቁልቁለት

የጠያቂው መልእክት ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «የምኖረው ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ አካባቢ ነው። ሥራዬ ደግሞ ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ። የታክሲ ወረፋ ሰልችቶኝ ፔዳል ያለው የኤሌክትሪክ ብስክሌት ልገዛ ነው። ሞተሩ 1000 ዋት፣ ባትሪው 48 ቮልት ነው። ሻጩ ‹ብስክሌት ነው፣ ነዳጅም የለውም፣ ስለዚህ መንጃ ፈቃድም ታርጋም አይጠየቅም› ብሎኛል። ኢንተርኔት ላይም እንደዚያ የሚል አይቻለሁ። ማታ ማታ ደሴ ውስጥ ዕቃ እያደረስኩበት ትንሽ ገቢ ባገኝ ብያለሁ። የ17 ዓመት ወንድሜም አንዳንዴ ትምህርት ቤት ሊሄድበት ይፈልጋል። ነገ ቀብድ ልሰጥ ነው። ችግር አለው?»

አዎ፣ አለው። ቀብዱን ነገ አትስጥ።

ሻጩ ሁለት ምክንያት ነው የሰጠህ፤ ሁለቱም አያስኬዱም። መጀመሪያ «ነዳጅ የለውም» የሚለውን እንይ። የአገራችን የተሽከርካሪ ሕግ የሚጠይቀው ማሽኑ በራሱ ኃይል ይሄዳል ወይስ አይሄድም ነው። ኃይሉ ከቤንዚን ይምጣ ከባትሪ፣ ለመንጃ ፈቃዱ ለውጥ የለውም። የኤሌክትሪክ መኪና የሚነዳ ሰው መንጃ ፈቃድ ይዞ ነው የሚነዳው፤ ታርጋም አለው። ሁለት ጎማ ሲሆን ሕጉ የሚለወጥበት ምክንያት የለም።

ይህ ግራ መጋባት ከየት እንደመጣ ይገባኛል። መንግሥት በ2014 ዓ.ም. ለኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎች የታክስ ቅናሽ አደረገ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የነዳጅ መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ከለከለ። ሰዉ ሁለቱን አገናኘና «ኤሌክትሪክ ከሆነ ነፃ ነው» አለ። ነፃ የተባለው ከቀረጥና ከታክስ ጋር የተያያዘ ነገር ነው። መንገድ ላይ ማን ይነዳል፣ በምን ወረቀት ይነዳል የሚለውን ያ ውሳኔ አልነካውም።

ሁለተኛው የፔዳሉ ነገር ነው። ኢንተርኔት ላይ ያየኸው ውሸት አይደለም፤ የሌላ አገር ሕግ ነው እንጂ። አውሮፓ ኅብረት ውስጥ የኤሌክትሪክ ብስክሌት እንደ ተራ ብስክሌት የሚታየው ሞተሩ ከ250 ዋት ካልበለጠ፣ የሚያግዝህም አንተ ፔዳል ስትመታ ብቻ ከሆነና ፍጥነቱ በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ሲደርስ እገዛው ከቆመ ነው። እንግሊዝም በዋትና በፍጥነት ከዚህ ብዙ አትርቅም፤ በዚያ ላይ ነጂው 14 ዓመት የሞላው መሆን አለበት ትላለች። አሜሪካ ላላ ትላለች፤ በፌዴራል ደረጃ ከ750 ዋት በታች ነው የተባለው፣ ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ግዛት የራሱን ይጨምራል።

ሻጩ የሚሸጥልህ ዕቃ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ከቻይና ስለሆነ የቻይናን ሕግ ማየት ይበጃል። በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣውና ከሚያዝያ 2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የቻይና አስገዳጅ ደረጃ የኤሌክትሪክ ብስክሌት ለመባል እነዚህን ይጠይቅ ነበር፦ ሞተሩ ከ400 ዋት አይበልጥም፣ ባትሪው ከ48 ቮልት አይበልጥም፣ ክብደቱ ከነባትሪው ከ55 ኪሎ አይበልጥም፣ ፍጥነቱ ከ25 አይበልጥም፣ ፔዳልም ይኖረዋል። ከዚህ ካለፈ የኤሌክትሪክ ሞተር ሳይክል ወገን ነው፤ መንጃ ፈቃድ ይጠየቅበታል። እንግዲህ አስበው። ያንተ 1000 ዋት በተሠራበት አገር እንኳ ብስክሌት አይባልም። እጀታውን ጠምዝዘህ ፔዳል ሳትነካ 45 እና 50 የሚሄድ ከሆነ ፔዳሉ ጌጥ ነው።

ወደ ራሳችን ሕግ እንምጣ። የአሽከርካሪ ብቃት ማረጋገጫ ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 1074/2010 የመንጃ ፈቃድ ምድቦችን ሲዘረዝር ሞተር ሳይክል፣ ባለሦስት እግር፣ አውቶሞቢል እያለ ይቀጥላል። ለኤሌክትሪክ ብስክሌት የተለየ ምድብ የለውም። ሰዎች ይህን ሲሰሙ «ካልተጠቀሰ አይመለከተኝም» ይላሉ። ነገሩ ግን በተቃራኒው ነው የሚሠራው። የተለየ ቀላል ምድብ ስላልተበጀለት፣ ሁለት ጎማ ያለውና በሞተር ኃይል የሚሄድ ነገር ወደሚቀርበው ምድብ ይገባል። ያም ሞተር ሳይክል ነው። ለሞተር ሳይክል መንጃ ፈቃድ 18 ዓመት መሙላት፣ የጤና ምርመራ፣ ሥልጠናና ፈተና አለ። የአውቶሞቢል መንጃ ፈቃድ አለኝ ብለህ ሞተር ላይ አትውጣ፤ ምድቡ ይለያያል።

መንጃ ፈቃዱ ያንተን ብቃት ነው የሚያሳየው። ማሽኑ ደግሞ የራሱ ወረቀት ያስፈልገዋል። በተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 መሠረት ተሽከርካሪ መንገድ ላይ ከመውጣቱ በፊት ይመዘገባል፣ ታርጋና ሊብሬ ያገኛል፣ በየዓመቱ ተመርምሮ ቦሎ ይለጠፍለታል። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ደግሞ የሦስተኛ ወገን መድን ሳይገቡ መንዳት ወንጀል ነው። አንዱ ከሌለ ሌላውን ማግኘት ያስቸግራል። ሊብሬ የሌለው ዕቃ ይዘህ ኢንሹራንስ ቢሮ ብትሄድ ምን ብለው ይመዝግቡልህ?

ትናንሾቹስ? 250 ዋት የሆኑ፣ ፔዳል ስትመታ ብቻ የሚያግዙ ብስክሌቶች አሉ። እነዚህን በተመለከተ ሕጋችን እንደ አውሮፓ በዋት ቆርጦ «ከዚህ በታች ነፃ» አላለም። በተግባር ከተራ ብስክሌት ለይቶ የሚያያቸው ሰው ጥቂት ነው፤ የሚያደርሱት ጉዳትም ያን ያህል የከፋ አይደለም። ቢሆንም በሻጭ ቃል አትተማመን። የዕቃውን መግለጫ ይዘህ የከተማህ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ሄደህ ጠይቅ፣ ከተቻለ መልሱን በጽሑፍ ውሰድ። ያንተ 1000 ዋት ግን እዚህ ግራጫ ቦታ ውስጥ የለም። ግልጽ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። «እነ እገሌ በፒያሳ ሲነዱበት ትራፊክ አያስቆማቸውም» የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። እውነት ነው፣ ብዙዎቹ አይቆሙም። ግን ትራፊኩ ዝም ማለቱ ፈቃድ አይደለም። ጉዳዩ ጎልቶ የሚወጣው ሰው የተገጨ ቀን ነው፤ ያኔ የሚጠይቅህ መንገድ ላይ የቆመው ትራፊክ አይሆንም፤ ዐቃቤ ሕግና የተጎጂው ቤተሰብ ናቸው።

ያ ቀን ምን እንደሚመስል ልንገርህ፣ ምክንያቱም ገዢዎች የሚያስቡት ስለ ቅጣት ብር ብቻ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2081 የባለሞተር ተሽከርካሪ ባለቤት ተሽከርካሪው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው፤ የነዳው ሌላ ሰው ቢሆንም። ጥፋት የለብኝም ማለት ብዙም አያወጣህም። መድን ከሌለህ ካሳው ከኪስህ ነው። መድን ኖሮህ መንጃ ፈቃድ ከሌለህ ደግሞ መድን ሰጪው ለተጎጂው ከፍሎ ገንዘቡን ካንተ ሊጠይቅ ይችላል። በወንጀል በኩል የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው መግደልን ይቀጣል። ይኸው አንቀጽ በንዑስ ቁጥር 3 ላይ አጥፊው ግልጽ የሆነ ደንብን አውቆ ጥሶ ከሆነ ቅጣቱን ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እሥራት ያደርሰዋል። ያለመንጃ ፈቃድ መንዳት እዚህ ውስጥ ሊያስገባህ የሚችል ነገር ነው። ሻጩ ይህን ሊነግርህ አይችልም፤ ምናልባት እሱም አያውቀውም።

አሁን ወደ ወረቀቱ። አብዛኛው ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። አንዳንድ ዕቃ «ብስክሌት» ተብሎ ወይም ተበታትኖ እንደ መለዋወጫ ነው የሚገባው። አንዳንዱ ጭራሽ ቀረጥ አልተከፈለበትም። ኮምቦልቻ የጉምሩክ ቅርንጫፍ ያለበት፣ ከጅቡቲ በሚሌ በኩል የሚመጣው ዕቃ የሚያልፍበት ከተማ ነው፤ ፍተሻ አዲስ ነገር አይደለም። በጉምሩክ አዋጅ ቁጥር 859/2006 ኮንትሮባንድ ዕቃ ይወረሳል፣ ክስም አለው። ስለዚህ ሻጩን ስለ ዋጋ ከመከራከርህ በፊት ዲክላራሲዮኑን፣ ማለትም ዕቃው ሲገባ የተሞላውን የጉምሩክ ሰነድ፣ ጠይቀው። እዚያ ላይ ዕቃው ምን ተብሎ ነው የገባው? ሞተር ሳይክል ተብሎ ከሆነ ምዝገባ መንገድ አለው። ብስክሌት ተብሎ ከሆነና ሞተሩ ላይ 1000 ዋት የሚል ተለጥፎ ካየህ፣ ወረቀቱና ዕቃው አይገናኙም፤ መዝጋቢው ክፍል ይመልስሃል። ከዚያ የሻንሲ ቁጥሩን ፈልግ። ፍሬሙ ላይ የተመታ ቁጥር ከሌለ፣ ወይም ያለው ቁጥር ከወረቀቱ ጋር ካልገጠመ፣ ተወው።

ዋቱንም ራስህ አረጋግጥ። ሻጮች ለማጋነንም ለማሳነስም በቁጥር ይጫወታሉ። አንዳንዱ ገበያ ለመሳብ ለአፍታ የሚወጣውን ከፍተኛ ኃይል ይጽፋል። አንዳንዱ ደግሞ ሕጉን ሲፈራ «250» የሚል ስቲከር ይለጥፋል። ኮንትሮለሩ ላይ፣ ማለትም ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ኃይል በሚቆጣጠረው ሳጥን ላይ፣ የተጻፈውን አምፔር ተመልክተህ በባትሪው ቮልት አባዛው። 48 ቮልት በ25 አምፔር 1200 ዋት ነው። ኮንትሮለሩ ይህን ካለ ስቲከሩ የሚለው ዋጋ የለውም።

እስካሁን ያወራነው ስለ ሕግ ነው። ሕጉ ባይኖርም ግን በዚህ ዕቃ ደሴና ኮምቦልቻን በየቀኑ እንድትመላለስ አልመክርህም። ምክንያቱ ሀረጎ፣ በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው ረጅም ዳገትና ቁልቁለት ነው።

ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ኮምቦልቻ ከ1,900 በታች ነው። በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ከ600 ሜትር በላይ ትወርዳለህ፣ ማታ ደግሞ ያንኑ ትወጣለህ። መውጣቱን እናስላ። አንተ፣ ብስክሌቱና ቦርሳህ አንድ ላይ 115 ኪሎ ብትሆኑ፣ ያን ክብደት 600 ሜትር ሽቅብ ለማንሳት ብቻ 190 ዋት ሰዓት (ባትሪ የሚይዘው ኃይል የሚለካበት ነው) ያህል ያስፈልጋል። ሞተሩ የሚያባክነው ሲጨመር 250 ይሆናል። የጎማውና የነፋሱ ድካም ደግሞ በ25 ኪሎ ሜትር ሌላ ከ200 እስከ 250 ይበላል። በድምሩ ወደ 500። 48 ቮልት 12 አምፔር ሰዓት ባትሪ ሙሉውን 576 ዋት ሰዓት ይይዛል፤ አዲስ እያለ። ዓመት ሲሞላው፣ ያውም በደሴ ክረምት ብርድ፣ ያን ያህል አይሰጥህም። ኮምቦልቻ ላይ መልሰህ ቻርጅ ካላደረግህ ማታ መንገድ ላይ ትቀራለህ። ከዚያም ፔዳል ያለው 40 ኪሎ ብረት እየገፋህ ሀረጎን ውጣ። በረጅም ዳገት ቀስ እያለ የሚሄድ የጎማ ውስጥ ሞተር ደግሞ ይግላል፤ ሲበዛበት ጥቅልሉ ይቃጠላል።

መውረዱ ይብሳል። ብዙዎቹ እነዚህ ዕቃዎች የተሠሩት ለሜዳማ ከተማ ነው። ፍሬናቸው ትንሽ ዲስክ ወይም ጎማውን የሚይዝ ላስቲክ ነው። በረጅም ቁልቁለት ፍሬኑን ያለማቋረጥ ስትይዘው ይግላል፣ የመያዝ አቅሙም ይቀንሳል። «ሞተሩ ራሱ ፍሬን ይይዛል፣ ባትሪም ይሞላል» ይሉሃል። አንዳንዱ ላይ እውነት ነው። ግን ጠዋት ከደሴ የምትወጣው ባትሪህ ሙሉ ሆኖ ነው። ሙሉ ባትሪ ተጨማሪ ኃይል አይቀበልም፤ መቆጣጠሪያው ይዘጋዋል። በጣም የምትፈልገው ሰዓት ላይ ያ የሞተር ፍሬን የለም ማለት ነው። በዚያ ላይ የክረምቱ ጉም፣ እርጥብ አስፋልት፣ ከኋላህ ደግሞ ቁልቁል የሚመጣ ተሳቢ። ስፖኪዮ፣ ፍሬቻና በደንብ የሚታይ የኋላ መብራት ሳይኖርህ እዚያ መንገድ ላይ ምን ትሠራለህ? ሄልሜት በደንቡም ግዴታ ነው፤ የብስክሌት ሳይሆን የሞተር ሄልሜት፣ አገጭ ላይ የሚታሰር።

ደሴ ውስጥ ዕቃ ማድረሱን በተመለከተ ባጭሩ። ገንዘብ ከተቀበልክበት የንግድ ሥራ ነው። ለግልና ለንግድ የሚሰጠው ታርጋ ይለያያል፣ የመድኑም ውል እንዲሁ። የግል ብለህ መድን ገብተህ ለሰው ዕቃ ስታመላልስ ከተገኘህ ክርክር ውስጥ ትገባለህ። ንግድ ፈቃድም ይጠየቃል። ይህን ሁሉ አሟልተህ ብትሠራው ግን ጥሩ ሥራ ነው፤ ከሸርፍ ተራ እስከ ሆጤ ለሚላክ ዕቃ ኤሌክትሪክ ሞተር ከቤንዚኑ በወጪ ይሻላል።

ወንድምህ አይንዳው። 17 ዓመቱ ነው፣ ፈቃዱ 18 ይጠይቃል፣ አለቀ። አካለ መጠን ያላደረሰ ልጅ ላደረሰው ጉዳት በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2124 አባት ይጠየቃል። አንተ ደግሞ እንደ ባለቤት በ2081 ትመጣለህ። አንድ ቁልፍ ሰጥተህ አባትህንም ራስህንም ፍርድ ቤት ታቆማለህ። ተራ ብስክሌት ግዛለት።

ሌሎችም ስለሚጠይቁኝ ስለ ቤንዚን ኪት አንድ ቃል፦ ተራ ብስክሌት ላይ 80 ሲሲ ሞተር መግጠም ጭራሽ አይሆንም። ፍሬሙ ለዚያ ንዝረት አልተሠራም፣ ፍሬኑም አይችለውም። የተሽከርካሪ ሻንሲ ቁጥር ስለሌለው ሊብሬ የሚወጣለት መንገድ የለም።

ታዲያ ምን ታድርግ? ለኮምቦልቻ ሥራህ በራስህ መሄድ ከፈለግህ፣ ይህን 1000 ዋት ፔዳል ትተህ በሞተር ሳይክልነት የገባ፣ ሊብሬ የሚወጣለት፣ በሁለቱም ጎማ ትልቅ የሃይድሮሊክ ዲስክ ያለው የኤሌክትሪክ ሞተር ሳይክል ፈልግ። ከመግዛትህ በፊት የሞተር ሳይክል መንጃ ፈቃድ ሥልጠናውን ጀምር፤ ፈቃዱን ሳትይዝ ዕቃውን ግቢ ውስጥ ካቆምከው ያለፈቃድ እንድትነዳው ይገፋፋሃል። ባትሪው በቂ መሆኑን ባልኩህ ስሌት አስላ፣ ኮምቦልቻ ላይ ቻርጅ የምታደርግበት ቦታ መኖሩንም አሠሪህን ጠይቅ። ብሩ ለዚህ ካልደረሰ እስከዚያው በሚኒባስ ተመላለስ። ወረፋው ያናድዳል፣ አውቃለሁ። ደሴ ውስጥ ብቻ ለመንቀሳቀስ ከሆነ ደግሞ ባለ250 ዋቱን፣ ፔዳል ሲመታ ብቻ የሚያግዘውን ጠይቀህ ግዛ።

ስለ ቀብዱ። በእኛ ሕግ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢተው ቀብዱ ይቀርበታል፤ የተቀበለው ቢተው እጥፉን ይመልሳል። ስለዚህ የምትሰጥ ከሆነ ውሉ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር አስገባ፦ «ዕቃው በገዢው ስም ተመዝግቦ ሊብሬና ታርጋ ካላገኘ ሻጭ የተቀበለውን ገንዘብ በሙሉ ይመልሳል»። ሻጩ «ምንም ወረቀት አያስፈልገውም» ካለህ ይህን መፈረም ሊከብደው አይገባም። አልፈርምም ካለ ብርህን ይዘህ ውጣ።